ያለፈ ዘመን የመሬት ክርክር ሰነዶች፦ ከየት ይገኛሉ? እንዴትስ ይነበባሉ?

በብዙ ቤተሰብ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ያረጀ ፖስታ አይጠፋም። በውስጡ የግብር ደረሰኝ፣ ጠርዙ የተበላ የፍርድ ግልባጭ፣ አልፎ አልፎም የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማኅተም ያረፈበት የርስት ወረቀት ይገኛል። ቤተሰቡ ወረቀቱን ይሳሳለታል፤ ምን እንደሚል፣ ምንስ እንደማይል ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዞ የቀረውን ለመፈለግ ለሚነሣ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር መያዝ አለበት። የመሬት ሰነድ ሲጻፍ የሚጠቀም ሰው ነበረ፣ የሚጎዳም ሰው ነበረ። ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኙን ያስቀመጠው ነገ ሊሟገትበት ነው። ደብሩ ስጦታውን በወንጌሉ ላይ ያስጻፈው ተቀናቃኝ እንደሚነሣ ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ሰነድ ምስክር ብቻ አይደለም፤ ራሱም ተሟጋች ነው። የአንዱን ወገን ወረቀት ብቻ አንብቦ «እውነቱ ይኸው» ማለት ከሳሽን ብቻ ሰምቶ እንደ መፍረድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያተኩሩት የሌላውን ወገን ድምፅም በመፈለግ ላይ ነው።

አንደኛ፦ ለምን እንደሚፈልጉት ይወስኑ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ብሂል ሁላችንም ሰምተን ያደግን ነን። ሕጉ ግን ሌላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት በሙሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዞረ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ መሠረት አጸና፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እንግዲህ የአያትዎ የአንድ ጋሻ ደረሰኝ ዛሬ ጋሻውን አያስመልስም። ይህን ገና ሲነሡ መቀበል ከብዙ ወጪና ከብዙ የልብ ስብራት ያድናል። «አስመልስልሃለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ሲያጋጥምዎም ለመለየት ይረዳል።

ሰነዱ ግን ከንቱ አይደለም። ከአዋጅ 47 በኋላ ቤተሰብ እንዲያስቀር የተፈቀደለትን ቤት በሚመለከት ለሚነሣ ጥያቄ፣ ከአዋጁ ውጭ ያለ አግባብ ተወሰደ ለሚባል ንብረት፣ ለውርስና ለወሰን ክርክር፣ ለቤተ ክርስቲያን ይዞታ ታሪክ ትልቅ ዋጋ አለው። ያለ አግባብ የተወሰዱ ንብረቶች የሚታዩበት ሥርዓት በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ተደንግጎ ነበር፤ በዚያ መንገድ ማመልከቻ ያስገባ ዘመድ ካለዎት የእሱ ፋይል ራሱ የሰነዶች ጎተራ ነው። ከዚህ ሁሉ ውጭ ደግሞ የቤተሰብን ታሪክ ማወቅ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ለፍርድ ቤት ከሆነ ግን የተረጋገጠ ግልባጭ ያስፈልግዎታል፤ ለታሪክ ከሆነ ፎቶግራፍና ጥሩ ማስታወሻ ይበቃል። ይህ ልዩነት ወደየት ቢሮ እንደሚሄዱና ምን እንደሚጠይቁ ይወስናል።

ሁለተኛ፦ የቦታውንና የሰውን ስም በየዘመኑ ይደርድሩ

ፍለጋ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ስለጠፋ ሳይሆን በተሳሳተ ስም ስለተፈለገ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ተነሥተው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ ዛሬ በክፍለ ከተማና በወረዳ ይጠራል። ከዚያ በፊት «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ነበር፤ በደርግ ዘመን ከተማዋ በ25 ከፍተኛ ተከፍላ ነበር። ከዚያም በፊት በሰፈር ስም ነበር የሚታወቀው፦ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር። በገጠርም ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ የነበረው አከላለል በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር፣ ኋላም ክልልና ዞን ሆነ። አንድ አጥቢያ ሦስት የተለያዩ አውራጃዎች ውስጥ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። በአንድ ወረቀት ላይ ዓመቱን በግራ፣ የቦታውን አጠራር በቀኝ አድርገው ይጻፉ። ይህን ወረቀት ሳይዙ መዝገብ ቤት አይሂዱ።

የሰው ስም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1935 ዓ.ም. «ግራዝማች» ተብሎ የተጻፈ ሰው በ1945 «ቀኛዝማች»፣ በ1955 «ፊታውራሪ» ሆኖ ይመጣል። ካህናት የጻፉት ከሆነ በክርስትና ስሙ ብቻ «ገብረ ሥላሴ» ወይም «ወለተ ማርያም» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ፊደልም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ኃይሉን «ሐይሉ» ወይም «ሃይሉ»፣ ሠናይትን «ሰናይት»፣ ፀሐይን «ጸሃይ» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ አለ። ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ዝርዝር ሲፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ይሞክሩ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ፦ የእናት ወገንን አይዝለሉ። በአማራው ርስት ሥርዓት ድርሻ በአባትም በእናትም ይወርዳል፤ በጎንደር ዘመን መዝገቦች ሴቶች ገዥም፣ ሻጭም፣ ወራሽም፣ ተሟጋችም ሆነው በብዛት ይገኛሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ቅጾች ላይ ግን መሬቱ በባል ስም ሲጻፍ የሚስቲቱ ስም ይሰወራል። የአያትዎን መሬት በአያትዎ ስም ፈልገው ካጡ፣ በሴት አያትዎ አባት ስም ይፈልጉት። ተዘግቷል ብለው የተዉት መንገድ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ሦስተኛ፦ መሬቱ የተለካ ነበር ወይስ ያልተለካ?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ደረሰኝ ማንበብ አይቻልም። በምኒልክ ዘመን ከሸዋ ጀምሮ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ መሬት በቃላድ (በመለኪያ ገመድ) እየተለካ በጋሻ ተመዘገበ፤ አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። በነዚህ አካባቢዎች ሰነዱ የጋሻ ቁጥር፣ የመሬት ደረጃና የባለ መሬት ስም ይዟል። በጎጃም፣ በቤጌምድርና በትግራይ ግን ቃላድ አልተጣለም፤ ሕዝቡ ልኬትን የርስቱ ማጣት መጀመሪያ አድርጎ ስለሚያየው አጥብቆ ተቃወመ። ግብሩም በጉልቱ (ሹም ወይም ቤተ ክርስቲያን ግብር በሚሰበስብበት ይዞታ) ወይም በአጥቢያው ላይ በጅምላ ተጥሎ በጭቃ ሹሙ፣ ማለትም በአጥቢያው ሹም፣ በኩል ይሰበሰብ ነበር። ስለዚህ ከጎጃም የመጣ የ1940ዎቹ ደረሰኝ የሚነግርዎት ሰውዬው የግብር ድርሻውን መክፈሉን ነው። የትኛው ማሳ የእሱ እንደነበረ አይነግርዎትም። ያንን የሚነግርዎት የትውልድ ቆጠራ፣ የሽማግሎች ቃልና የፍርድ ቤት ፋይል ነው።

በተለካውም አገር ቢሆን መዝገቡ ሁሉን አይናገርም። ልኬቱ ሲደረግ በአብዛኛው አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም ሲሶው፣ ለአገሬው ባላባት ቀርቶ የተረፈው ለመንግሥት፣ ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። መሬቱን ለዘመናት ያረሰው ሕዝብ በመዝገብ ላይ ገባር (ግብር ከፋይ) ወይም ጢሰኛ (በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያርስ) ሆነ፤ ጨርሶ ስሙ ያልተጻፈም አለ። በመዝገብ አለመጻፍ በመሬቱ ላይ አለመኖር አይደለም። ከወላይታ፣ ከአርሲ ወይም ከሲዳማ ቤተሰብ የመጣ ሰው የአያቱን ስም በባለ መሬትነት ፈልጎ ካጣ ፍለጋውን አያቁም። በጢሰኝነት ክርክር፣ በእርሻ ውልና በ«ልቀቅ አልለቅም» ክሶች ውስጥ ይፈልገው፤ የተገፋው ሰው ድምፅ ተጽፎ የቀረው እዚያ ነው።

አራተኛ፦ የት ይሂዱ?

በቅርብ ይጀምሩ። የዘመድ ቤት፣ የሟች ወንድም ሣጥን፣ የደብሩ ዕቃ ቤት፣ ቀጥሎም ወረዳና ዞን። የቀድሞ አውራጃ ግምጃ ቤትና ፍርድ ቤት ወረቀቶች ዛሬ በዞንና በወረዳ መሥሪያ ቤቶች መጋዘን ተከምረው የሚገኙበት ቦታ አለ፤ በጦርነትና በመንግሥት ለውጥ ጊዜ የጠፉም አሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ሰብስበዋል፤ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ወረቀቶችን የሚሻ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን ይጠይቅ።

አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት አለ። መሠረቱ በ1936 ዓ.ም. የተጣለ ተቋም ሲሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የደብዳቤ ልውውጥና መዛግብት ይይዛል። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ደግሞ የብራና መጻሕፍት፣ ማይክሮፊልምና የተማሪዎች የምርምር ጽሑፎች አሉት። የምርምር ጽሑፎቹን አይናቁ። ስለ እርስዎ አውራጃ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ የትኛው ፋይል የት እንዳለ ከነቁጥሩ ይነግርዎታል፤ ብዙ ድካም ይቀንሳል። መታወቂያና ከሚሠሩበት ወይም ከሚማሩበት ተቋም የትብብር ደብዳቤ ይያዙ፤ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይያዙ።

የከተማ ቤት ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የወቅቱ ካርታና የይዞታ ማኅደር በከተማው የመሬት መሥሪያ ቤቶች፣ የሽያጭና የስጦታ ውሎች በውልና ማስረጃ፣ የተወረሰ ቤት ታሪክ ደግሞ ቤቱን በተረከበው አካል ዘንድ ይፈለጋል። በአዋጅ 47 መሠረት ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የኪራይ ቤቶቹ ወራሽ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። እንግዲህ ቤቱ በ1967 ዓ.ም. ስንት ብር ይከራይ እንደነበር ከአንድ አዛውንት ማወቅ ብቻ የትኛውን በር እንደሚያንኳኩ ይነግርዎታል። ሲያገኙም የርክክቡን ቅጽ ይጠይቁ፤ ማን አስረከበ፣ በማን ስም፣ በምን ቀን የሚለው ከሁሉ በላይ የሚያከራክር ነጥብ ነው።

ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችን አንዳንዴ ከእኛ ይልቅ ለሰነዱ ይቀርባሉ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸውን ጨምሮ፣ በአብዛኛው ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ በኅዳጋቸው የመሬት ስጦታና የሽያጭ ጽሑፍ ይዘዋል። አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኢትዮጵያ የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ማይክሮፊልም አለው፤ ከፊሉን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የደብርዎ ወንጌል በአገር ቤት ቢጠፋ እንኳ ፊልሙ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

አምስተኛ፦ የግብር ደረሰኝ ማንበብ

ደረሰኝ ትንሽ ወረቀት ቢሆንም ብዙ ይናገራል። በመጀመሪያ ቁጥሩን ይፍቱ። በግዕዝ ቁጥር ከሆነ ፲፱፻፴፯ ማለት 1937 ነው፤ በፈጣን እጅ ሲጻፍ ፮ እና ፯ ስለሚመሳሰሉ አጠገቡ ካለ ሌላ ቁጥር ጋር ያስተያዩ።

ቀጥሎ የተከፈለው የግብር ዓይነት ይታያል፤ ቀኑ ጠፍቶ እንኳ ዘመኑን የሚያሳውቅዎ ይህ ነው። ከ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅ ወዲህ በተለካ አገር ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ (ለመካከለኛ) 10፣ ለጠፍ (ለደካማ) 5 ብር የመሬት ግብር ይከፈል ነበር። በአሥራት (ከምርቱ በሚከፈለው አንድ አሥረኛ) ምትክ ደግሞ እንደ ቅደም ተከተሉ 35፣ 30 እና 10 ብር ይጨመራል። የትምህርት ግብር በ1940 ዓ.ም. መጣ። የጤና ግብር በ1950ዎቹ መግቢያ ተከተለ። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተካ፤ ጎጃምን ያሳመፀው ይኸው ግብር ነው። እንግዲህ «የመሬት ግብርና አሥራት» ብቻ የሚል ደረሰኝ ከያዙ ከትምህርት ግብር በፊት የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። የትምህርትም የጤናም ግብር ኖሮት አሥራት ያለበት ከሆነ በ1950ዎቹ ውስጥ ነው። የእርሻ ገቢ ግብር ካለበት ከ1960 እስከ 1967 ባለው ጊዜ ያርፋል።

የተከፈለውን ገንዘብ ከላይ ካለው ተመን ጋር ያካፍሉ። ለለም መሬት 7 ብር ከ50 የመሬት ግብር የከፈለ ሰው የያዘው ግማሽ ጋሻ ነው። ቤተሰቡ «ሦስት ጋሻ ነበረን» የሚል ከሆነ ልዩነቱን ይጻፉት፤ አይከራከሩበት፤ ሌላው ሁለት ጋሻ ተኩል በሌላ ወንድም ስም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ «በርስትነት» ነው ወይስ «በማደሪያነት» የሚለውን ይፈልጉ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለአርበኞች፣ ለስደት ተመላሾች፣ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች መሬት ተሰጥቷል። ማደሪያ ማለት በደመወዝ ፋንታ የተሰጠ፣ ከአገልግሎቱ ጋር የሚቆም መብት ነው። ርስት ግን ይወረሳል። ብዙ ወንድማማች የተጣላው ማደሪያውን እንደ ርስት ቆጥሮ ነው።

ስድስተኛ፦ በወንጌል ኅዳግ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ

ደብሩ ዕቃ ቤት ያለውን ብራና ለማየት ከሀገረ ስብከቱ ወይም ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ገጹን ካህኑ ይግለጡት፤ እርስዎ ያንብቡ። ፎቶ ከተፈቀደ ያለ ፍላሽ ያንሡ። የጽሑፉን ጥግ ብቻ አያንሡ፤ ገጹን በሙሉ ካነሡ በኋላ ይጠጉ፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ከየትኛው ወንጌል ምዕራፍ አጠገብ እንዳለ ማወቅ በኋላ ይጠቅማል።

ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ቅርጽ አለው። ማን ሰጠ ወይም ሸጠ፤ ለማን፤ የትኛውን ቦታ፤ በስንት፤ ዋጋውም በወቄት ወርቅ፣ በብር ወይም በአሞሌ ጨው ይነገራል። ከዚያ እማኞችና ዋስ ይዘረዘራሉ። መጨረሻው ግዝት ነው፦ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውንም የፋቀውንም የሚያወግዝ ቃል ነው።

መፋቅ የተወገዘው ይደረግ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ብራናውን በጎን ብርሃን ይዩት። የተፋቀ ቦታ ቆዳው ሻካራ ይሆናል፣ ጭገሩ ይነሣል፣ አዲሱ ቀለምም በዚያ ላይ ይፈስሳል። አንድ ስም ብቻ ከሌላው መስመር ጠቆር ብሎ ፊደሉ የተጨናነቀ ከሆነ፣ ሌላው ጽሑፍ ሁሉ ትክክለኛ ቢሆንም ክርክሩ ያለው እዚያች ስም ላይ ነው። ፎቶውን በኮምፒውተር አጉልተው ንፅፅሩን ሲጨምሩ ከሥር ያለው ፊደል አንዳንዴ ብቅ ይላል።

ቀኑ በዓመት ቁጥር ካልተነገረ በንጉሡ ስምና በወንጌላዊው ይነገራል። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ሲያካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ «በዘመነ ማርቆስ በንጉሥነ ኢያሱ» የሚል ጽሑፍ በእቴጌ ምንትዋብ በታነጸው በደብረ ፀሐይ ቁስቋም መዝገብ ቢያገኙ፣ ንጉሡ ከ1723 እስከ 1747 ዓ.ም. የነገሠው ዳግማዊ ኢያሱ ነው እንበል። የማርቆስ ዓመታት 1726፣ 1730፣ 1734፣ 1738፣ 1742 እና 1746 ብቻ ናቸው። ከእማኞቹ መካከል የእቴጌይቱ ወንድም ወልደ ልዑል «ራስ» ተብሎ ከተጻፈ ማዕረጉን ከማግኘቱ በፊት ያሉት ዓመታት ይወድቃሉ። እማኞችን ዘሎ ማንበብ ቀኑን መጣል ነው።

ደግሞም በኅዳግ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው የደብሩ ወገን ቃል መሆኑን አይርሱ። «ሪም» ተብሎ ለደብተራዎች (ለደብሩ አገልጋዮች) የተከፋፈለው መሬት ላይ የነበረው ገበሬ ምን አለ? እዚያ አይገኝም። በሌላ ደብር መጽሐፍ፣ በአካባቢው ሽማግሎች ቃል ወይም በኋለኛው ዘመን ፍርድ ቤት መፈለግ አለበት።

ሰባተኛ፦ የፍርድ ቤት ፋይል

ድሮ ሙግት በቃል ነበር። በላ ልበልሃ ተባብሎ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ተወራርዶ፣ በዳኛ ፊት የሚደረገው ያ ሁሉ ንግግር በወረቀት አልቀረም። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ፍርድ ቤቶች እንደገና ሲደራጁ ግን ጽሑፉ በዛ፤ ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ዙፋን ችሎት (ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እስከሚያስችሉበት) የደረሰ ክርክር ፋይሉ ወፍራም ነው። ለእኔ ከሁሉ ሰነድ የላቀው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገን በአንድ አቃፊ ውስጥ ይናገራሉ።

ፍርዱን ብቻ ገልብጠው አይመለሱ። ፍርዱ አንድ ገጽ ነው፤ ሀብቱ ያለው በምስክሮች ቃል ውስጥ ነው። በርስት ክርክር ተከራካሪው ከአቅኚ አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት፣ ጀምሮ ትውልዱን ይቆጥራል፤ ተቃዋሚው ደግሞ «እገሌ አልወለደም» ብሎ ከመሃል ይበጥሰዋል። ሁለቱን ቆጠራ ጎን ለጎን ይጻፉ። የሚስማሙባቸው ስሞች በጣም አስተማማኝ ናቸው፤ የሚለያዩበት ስም ደግሞ ክርክሩ የተነሣበት ነጥብ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ፋይል ከስድስትና ከሰባት ትውልድ በላይ ሊያስቆጥር ይችላል።

የአያትዎ ፋይል ከጠፋ የአዋሳኞችን ይፈልጉ። «በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን መንገዱ፣ በደቡብ የእገሊት» የሚለው መስመር ሁለት አዲስ የመፈለጊያ ስሞች ይሰጥዎታል። በጎረቤት ክስ ላይ አያትዎ በምስክርነት ወይም በአዋሳኝነት መጠቀሳቸው፣ ለጥቅማቸው ያልተጻፈ ስለሆነ፣ ከራሳቸው ወረቀት ይልቅ ክብደት አለው።

ስምንተኛ፦ ሐሰተኛውን መለየት

ጥቂት ነገሮችን ማየት ይበቃል። በ1950 ዓ.ም. ተጻፈ የተባለ ወረቀት «ከፍተኛ 12 ቀበሌ 08» ካለ በኋላ የተሠራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስለነበረች፣ በ1930 ዓ.ም. እዚያ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማኅተም ተሰጠ የሚባል ወረቀት ከባድ ጥያቄ ይነሣበታል። ማኅተሙ ከጽሑፉ በታች ነው ወይስ በላይ? ባዶ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ተመትቶ ከነበረ ቀለሙ ከፊደሉ ሥር ይታያል። የተጠቀሰ አዋጅ ካለ፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በሚወጣው ነጋሪት ጋዜጣ ቀኑን ያስተያዩ።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት ከአስተዳደር የተሰጠ የባለ ሀብትነት ወረቀት ስሙ ላይ ያለው ሰው ባለቤት እንደሆነ ያስገምታል። ግምት ነው፤ የማይፈርስ አይደለም፤ ቀጣዩ አንቀጽ የሚፈርስበትን መንገድ ያስቀምጣል። የእርስዎ ወረቀት ይህን ግምት የሚፈጥር ይሁን ወይም ግምቱን ለማፍረስ የሚቀርብ ይሁን ከጠበቃ ጋር መነጋገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ዘጠነኛ፦ ማኅደሩን ማደራጀት

ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ ገጽ ይክፈቱ። የተገኘበት ቦታ፣ የፋይልና የገጽ ቁጥር፣ ቀኑ ከተሰላ እንዴት እንደተሰላ፣ ማን ለማን እንደጻፈው፣ ማን እንደተጠቀመበት፣ ማን እንደተጎዳበት ይስፈር። ጽሑፉን ሲገለብጡ ፊደሉን እንዳለ ይተዉት፤ «ሐይሉ» ካለ «ሐይሉ» ብለው ይጻፉ፤ ማረሚያዎን በግርጌ ያድርጉ። ያልተነበበውን በነጥብ ይተዉ እንጂ በግምት አይሙሉ።

ዋናውን ወረቀት ላሚኔት አያስደርጉ፤ ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳዋል፣ ማኅተሙንም ለምርመራ አስቸጋሪ ያደርገዋል። በንጹሕ ወረቀት መካከል አድርገው ከእርጥበት ያርቁት። ለመሥሪያ ቤት የሚሰጡት የተረጋገጠ ግልባጭ ይሁን፤ ዋናውን ለማንም ጉዳይ አስፈጻሚ አይስጡ። ውጭ አገር ያሉ ከሆነ ለሚወክሉት ሰው የሚሰጡት ውክልና በኤምባሲው ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካለፈ በኋላ ለውልና ማስረጃ ይቀርባል። በውክልናው ላይ «ሰነድ መፈለግና ግልባጭ መውሰድ» እና «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚሉትን ሥልጣኖች ለይተው ያስጽፉ፤ ለፍለጋው የመጀመሪያው ይበቃል።

የመሬት ነገር ዛሬም ሰው ያጋድላልና፣ በፋይሉ ውስጥ የተሸነፈው ወገን ልጆች አሁንም በዚያው ቀበሌ ሊኖሩ ይችላሉ። ያገኙትን በማኅበራዊ ሚዲያ ከመለጠፍዎ በፊት ለእነሱ ያሳዩአቸው። ብዙ ጊዜ እነሱም አንድ ፖስታ አላቸው፤ የእርስዎን ፋይል የሚያሟላው ወይም የሚያፈርሰው ወረቀት በእነሱ ዘንድ ሊሆን ይችላልና፣ ግልባጭ በግልባጭ ለመለዋወጥ ይጠይቋቸው።